አሥራ አንድ ዓመት ሰው ያወረድኩበት ስታዲየም፣ ዘንድሮ እኔ ገባሁበት

ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ ከአምስት አራት ተኩል። ግማሿን የቀነስኩት በጨዋታው አይደለም፣ በትኬቱ ነው። እሱን ቆይቼ አመጣዋለሁ።

የምገመግመው ነገር ይሄ ነው፦ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ጨዋታ፣ ኦሃዮ ስታዲየም፣ ኮሎምበስ። ኳሱ የኛ ኳስ አይደለም። ያ እንደ እንቁላል የሾለው፣ በብብት ተሸጉጦ የሚሮጥበት ነው። ተጫዋቾቹ ተማሪዎች ናቸው። ስታዲየሙ የሚይዘው ግን 102,780 ሰው ነው። ቁጥሩን ደግማችሁ አንብቡት። ለተማሪዎች ጨዋታ!

እኔ እዚህ ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ኡበር ነድቻለሁ። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር፣ ጨዋታ ያለባት ቅዳሜ ለኛ ለሹፌሮች ሠርግ ናት። ሌን አቬኒው ቀጥ ይላል፣ መንገድ ይዘጋጋል፣ ዋጋው ይሰቀላል፣ ከኤርፖርትም ከሆቴልም ቀይ የለበሰ ሰው እንደ ጉድ ይጎርፋል። ታዲያ ቀይ የለበሰው ሰውዬ በሩን ከፍቶ ገና ሳይቀመጥ "ኦ! ኤች!" ብሎ ይጮኻል። መጀመሪያ ሰሞን ምን እንደሚል ስላልገባኝ "ኖ ፕሮብለም" እል ነበር። በኋላ አንድ ጓደኛዬ፣ እሱም ሹፌር ነው፣ "አንተ ሞኝ፣ 'አይ! ኦ!' ብለህ መልስላቸው እንጂ፣ ቲፕ እኮ እሱ ላይ ነው ያለው" አለኝ። እሱ ኦ-ኤች ሲል አንተ አይ-ኦ፣ ሲገጣጠም ኦሃዮ። ከዚያ ወዲያ ስንት ሺህ ጊዜ እንደመለስኩ አላውቅም። ለቲፕ ነው። አልዋሽም።

ስታዲየሙን ግን ከውስጥ አይቼው አላውቅም። ሰው አወርዳለሁ፣ ዞሬ እሄዳለሁ። ግድግዳውን እንደ ቤቴ አውቀዋለሁ። በሰሜን በኩል ያለው ትልቁ በር ጣሪያው ጉልላት የመሰለ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው ወይስ ስታዲየም የሚያሰኝ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ተሳፋሪ፣ አርክቴክት ነኝ ያለኝ፣ የሮማን ፓንቴዮን አስመስለው ነው የሠሩት አለኝ። 1922 ነው የተከፈተው። መቶ ዓመት አልፎታል ማለት ነው። ቅርጹ የፈረስ ጫማ ስለሆነ ሰዉ በቃ "ዘ ሹ" ነው የሚለው፣ ጫማው እንደማለት።

ልጄ ኦሃዮ ስቴት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ካምፓስ ውስጥ ላይብረሪ ትሠራለች። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ባለው ሳምንት፣ "አባዬ፣ ቅዳሜ መንዳት የለም። ትኬት ገዝቼልሃለሁ" አለችኝ። ስንት ነው ስላት አልናገርም አለች። በኋላ ስልኳ ላይ አየሁት። እዚህ ላይ ነው ግማሿ ኮከብ የሄደችው።

ስሙን አልጠራም፣ ትኬት መልሰው ከሚሸጡት አፖች አንዱ ነው። መጀመሪያ ያሳያት 78 ዶላር ነው። ካርዷን አስገብታ መጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ 109 ሆነ። የሰርቪስ ክፍያ፣ የማስኬጃ ክፍያ፣ ሌላም አለው። የማስኬጃው ምንድን ነው? ወረቀት እንኳ የለውም እኮ፣ ስልክ ላይ ነው ያለው። እኔ በመኪናዬ ሰው አሳፍሬ ስምንት ማይል ወስጄ ሳወርደው "የበር መክፈቻ" ብዬ አልጨምርበትም። ይባስ ብሎ በሩ ላይ ስንደርስ አፑ አልከፍት አለ። ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ቦታ ቆሞ ስልኩን ሲነካካ ኔትወርኩ ይደክማል። ፎቶ አንስቼዋለሁ ብትል አይሠራም፣ ባርኮዱ ይንቀሳቀሳል። አሥራ አምስት ደቂቃ ስልክ ወደ ሰማይ ይዘን ቆምን፣ ጸሎት የያዝን ነው የምንመስለው። ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ፦ ትኬቱን ከቤት ሳትወጡ ስልካችሁ ዋሌት ውስጥ አስገቡት። ቦርሳ ደግሞ ውስጡ የሚታይ ላስቲክ ካልሆነ አያስገቡም። ነጠላዋን በጥቁር ቦርሳ ይዛ የመጣች እናት አይቻለሁ፣ እስከ መኪናዋ መልሰዋታል።

ፓርኪንግ። እኔ ሹፌር ነኝና ሞኝ አይደለሁም። ጓደኛዬ ግን አንድ ሰው ቤት ደጅ ሣሩ ላይ 40 ዶላር ከፍሎ አቆመ። ማታ ሲመለስ ከፊቱም ከኋላውም መኪና ተደርድሮ ሁለት ሰዓት ተቀመጠ። እኔ የት እንዳቆምኩ አልናገርም፣ ብናገር በሚቀጥለው አላገኘውም። ሃያ አምስት ደቂቃ በእግር እንደሆነና የኦለንታንጂን ወንዝ በድልድይ እንደምትሻገሩ ብቻ እወቁ። መንገዱ ራሱ ደስ ይላል። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው፣ ሽማግሌ፣ ሕፃን፣ ውሻ ሳይቀር ቀይ ለብሶ። ጥምቀት ታቦት የሚሸኝ ሕዝብ ነው የመሰለኝ። ይቅር ይበለኝ፣ ግን እውነቴን ነው።

ስታዲየሙ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ሌላ ድግስ አለ። ቴልጌት ይሉታል። ሰው ከማለዳ ጀምሮ ፓርኪንጉ ላይ የመኪናውን ኋላ ከፍቶ፣ ድንኳን ተክሎ፣ ስጋ ይጠብሳል፣ ቢራ ይጠጣል። እኔ ከዚህ በፊት የማየው በመስታወት ነበር፣ ያውም እየተናደድኩ፣ መንገድ ስለሚዘጉብኝ። በእግር ስታልፍበት ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀይና ግራጫ ቱታ ያደረገ፣ ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደ ሰውዬ "ና፣ ሳትበላ አትሄድም" አለኝ። ቃል በቃል "እንብላ" ነው ያለኝ! ትልቅ ቋሊማ በዳቦ አወጣልኝ። ልጄ በክርኗ ነካችኝ፣ የአሳማ ነው። አመሰግናለሁ አልበላውም ስለው ምንም አልመሰለውም፣ ጎንበስ ብሎ ከበረዶ ሳጥን ውስጥ አንድ ሰሐን አወጣ። ክብ ክብ ጣፋጭ ነው። ውስጡ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ውጪው ቸኮሌት፣ አናቱ ላይ ግን ቸኮሌቱ ሳይደርስ ትንሽ ክብ ቦታ ይተዋል፣ ዓይን ይመስላል። ባክአይ ይሉታል፣ በስቴቱ ዛፍ ፍሬ ስም። ቡድኑም ስሙ ባክአይስ ነው፣ እኛ ኦሃዮ የምንኖር ሰዎችም ባክአይ ነን። "አባዬ፣ ይሄኛው ይበላል፣ ዛፉ ላይ ያለው ግን መርዝ ነው" አለችኝ ልጄ። አራት በላሁ። ከተቻለ ከሰው ቤት የተሠራውን ብሉ፣ የሱቁ ስኳር ይበዛበታል።

አንድ ነገር ልብ አልኩ። ያ ሰውዬ "ከየት ነህ?" ብሎ አልጠየቀኝም። እዚህ ሀገር ስትኖር ይቺ ጥያቄ ለምዳሃለች፣ አፍህን ስትከፍት ትመጣለች። መኪና ውስጥ በቀን አሥር ጊዜ እመልሳታለሁ። ሰውዬው የጠየቀኝ "የት ነው የምትቀመጠው?" ብሎ ነው። ሲ ዴክ አልኩት። "ኦ፣ ፀሐይዋን ጠብቅ" አለኝ። በቃ።

ሲ ዴክ ማለት ላይኛው ነው። የአዲስ አበባ ስታዲየምን ለምታውቁ፣ ከማን አንሼ የሚባለው የተመልካች ቦታ ላይ እንደመውጣት ነው፣ ግን ከማን አንሼ ላይ ሌላ ከማን አንሼ ተደርቦበት። እኔ የጉለሌ ልጅ ነኝ። በወጣትነቴ የቡና ደጋፊ ሆኜ እዚያው ስታዲየም፣ ካታንጋ የሚባለው ቦታ ስጮህ ያደግኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ስታዲየም አያስደነግጠኝም ብዬ ነበር የገባሁት። ደረጃውን ጨርሰን ብቅ ስንል ግን ቆምኩ። ከኋላዬ ያለው ሰው ገጨኝ። ሜዳው ከታች አረንጓዴ ምንጣፍ ያህል ነው፣ ዙሪያው በሙሉ ቀይ። ድምፁ ደግሞ በጆሮ የሚሰማ አይደለም፣ በእግር ነው የሚሰማው፣ ኮንክሪቱ ይንቀጠቀጣል። ወንበር ብላችሁ አትጠብቁ፣ ረጅም አግዳሚ ነው፣ ቁጥር የተጻፈበት። ትራስ ያዙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰው ለጨዋታው የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። እኔን የያዘኝ ባንዱ ነው።

የዩኒቨርሲቲው ማርሽ ባንድ በሰሜን በኩል ባለው መውረጃ በሩጫ ይገባል። ከፊት የሚመራው ልጅ ረጅም ላባ ያለው ባርኔጣ አድርጎ መሀል ሜዳ ይደርስና ወደ ኋላ ይለጠጣል። ይለጠጣል፣ ይለጠጣል፣ ወገቡ ተቆረጠ ስትል የባርኔጣው ላባ መሬት ይነካል። ሕዝቡ ይፈነዳል። ከዚያ ሁሉም ተሰብስበው እየነፉ፣ እንደ እባብ እየተጠማዘዙ፣ አንዱ ሌላውን እየተከተለ፣ ሜዳው ላይ በእጅ ጽሑፍ "ኦሃዮ" ብለው ይጽፋሉ። ከላይ ስለሆንን ልክ እንደ ብዕር ነው የሚታየው። ሲ ዴክ ርካሽ ነው ብላችሁ አትናቁት፣ ይሄ ነገር የሚነበበው ከላይ ነው። በእንግሊዝኛው ሦስተኛዋ ፊደል አናቷ ላይ ነጥብ አላት። ነጥቧ ሳትቀመጥ ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። በመጨረሻ አንድ ልጅ ብቻውን ይወጣል። ሱሳፎን የሚባለውን፣ ትከሻ ላይ እንደ ዘንዶ የሚጠመጠመውን ትልቅ ጡሩምባ ተሸክሞ፣ እግሩን እያነሳ እየተንጎማለለ ነጥቧ ቦታ ላይ ይቆምና ባርኔጣውን አውልቆ ለግራም ለቀኝም ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። በቃ ይሄው ነው። አንድ ነጥብ ሆኖ መቆም። ልጄ እንደነገረችኝ ይቺን ዕድል የሚያገኙት ባንዱ ውስጥ ዓመታት የቆዩት ጡሩምባ ነፊዎች ናቸው።

አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ፣ ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል፣ ያለቅሳሉ። ቀና ብዬ አየኋቸው። "በየጊዜው ነው፣ አትጨነቅ" አሉኝ። ይሄ ጽሕፈት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1936 ነው አሉኝ። 1936! ለኛ ያ ዓመት ሌላ ነገር ነው። በኛ 1928፣ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባበት። አያቶቻችን በየጫካው ሲበተኑ እዚህ ልጆች በእግራቸው ስም ይጽፉ ነበር ማለት ነው። ሴትዮዋ ይሄን አላወቁም፣ እኔም አልነገርኳቸውም፣ ደስታቸውን ለምን አበላሻለሁ። እሳቸው ግን ቀጠሉ፣ "በዚያው ዓመት ነው ጄሲ ኦውንስ በርሊን ላይ አራት ወርቅ ያመጣው፣ የኛው ተማሪ ነበር" አሉኝ። ሯጭ ሲነሳ ሐበሻ ጆሮው ይቆማል። ጄሲ ኦውንስን አውቀዋለሁ፣ ሂትለር ፊት ያሸነፈው ጥቁር። የኦሃዮ ልጅ መሆኑን፣ ክሊቭላንድ ያደገ፣ እዚሁ የተማረ መሆኑን ግን ለአሥራ አንድ ዓመት በደጁ ሳልፍ አላወቅኩም። ከሰሜኑ በር ፊት ለፊት በስሙ መታሰቢያ አለ፣ ሰው አወርድበት የነበረው ቦታ። ያኔ ጥቁር ስለነበር ዶርም አልሰጡትም፣ ከካምፓስ ውጪ ነበር የሚያድረው። ይሄንንም ሴትዮዋ ናቸው የነገሩኝ፣ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው። ሳይደብቁ መንገራቸውን ወደድኩት።

እሺ፣ ጨዋታው። የማይገባችሁ እንዳይመስላችሁ፣ ልጄ በሁለት ደቂቃ አስረድታኛለች። የመሬት ነገር ነው። ቡድኑ አሥር ያርድ ወደፊት ለመሄድ አራት ዕድል አለው። ከሄደ ሌላ አራት ዕድል፣ ካልሄደ ኳሱን ያስረክባል። መጨረሻ ድረስ ከደረሰ ታችዳውን፣ ስድስት ነጥብ። ከዚያ በእግር መትቶ ካስገባ አንድ ይጨመራል። በሩቁ በእግር ከመታ ሦስት። በቃ። የሚያስቀው ደግሞ መሬቱን የሚለኩት በሰንሰለት ነው! ሁለት ሰዎች ዱላ ይዘው፣ በመሀሉ አሥር ያርድ ሰንሰለት። አጠራጣሪ ሲሆን እየሮጡ ገብተው ይዘረጉታል፣ መቶ ሺህ ሰው ትንፋሹን ውጦ ያያል። "ቀላድ ጣዮች መጡ" አልኩ። ልጄ ቀላድ ምንድን ነው አለችኝ። የሰንሰለቱ ሥራ እስኪያልቅ የርስት ክርክር አስተማርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከኔ ይልቅ እሷ ጥያቄ በዛባት።

የዕለቱ ተጋጣሚ ትንሽ ቡድን ነበር፣ ውጤቱ አንዲት ደቂቃ እንኳ አላጠራጠረም። ይሄ እውነተኛ ግምገማ ስለሆነ እነግራችኋለሁ፣ ሦስተኛው ሩብ ላይ አዛጋሁ። ጨዋታው በሰዓት ስልሳ ደቂቃ ነው፣ እኛ ግን እዚያ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ቆየን። የቀረው ጊዜ ሁሉ መቆም ነው። ቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሲያስገባ አንድ ሰውዬ ሜዳው ላይ ወጥቶ ይገተራል፣ እሱ እስኪወጣ ጨዋታ የለም። ሃያ ሁለት ጎረምሳ ቆሞ ሳሙናና መኪና እስኪሸጥ ይጠብቃል። ኳስ ለምናውቅ ሰዎች ይሄ ከባድ ነው። ዘጠና ደቂቃ ለለመደ አንጀት።

ገንዘቡም ይገርማል። አሰልጣኙ በዓመት ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይከፈለዋል። ልጆቹ ራሳቸው ከ2021 ጀምሮ በስማቸው ከማስታወቂያ ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል። ጥሩ ነው፣ አጥንታቸውን የሚሰብሩት እነሱ ናቸው። ታዲያ ይሄ ሁሉ ሚሊዮን እያለ ከሄልሜታቸው ላይ የማይጠፋ አንድ ነገር አለ፣ ትንንሽ የቅጠል ምልክት። ጥሩ የተጫወተ ልጅ አንድ ይለጠፍለታል። ከ1968 ጀምሮ የመጣ ልማድ ነው። አንደኛ ክፍል ቲቸር ደብተር ላይ "ጎበዝ" ብላ እንደምትጽፈው ማለት ነው። በስታዲየሙ ትልቁ ስክሪን ላይ ሲያሳዩት አንዱ ጎረምሳ ሄልሜቱን አውልቆ ቅጠሎቹን በአውራ ጣቱ ሲደባብስ አየሁት። ከጨዋታው ሁሉ ያ ነው ዓይኔ ላይ የቀረው።

ሚሺጋንን ሳላነሳ ካለፍኩ ሰዉ ይጣላኛል። ሚሺጋን ጎረቤት ስቴት ነው፣ ደመኛም ነው። ከ1897 ጀምሮ ይጫወታሉ፣ አሁን ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው የሚገናኙት። ያ ሳምንት ሲደርስ ካምፓስ ውስጥ ባሉ ጽሑፎች ላይ "ኤም" የምትባለዋን ፊደል በቀይ ፕላስተር ኤክስ እያደረጉ ይሰርዟታል። ፊደል! ዉዲ ሄይስ የሚባለው የድሮው አሰልጣኛቸው ስማቸውን እንኳ አልጠራም ብሎ "ያ ሰሜን ያለው ቡድን" ነበር የሚላቸው። ጠቡ ከኳስም ይቀድማል። በ1835 ሁለቱ ቶሌዶ ከተማ የኔ ናት፣ የኔ ናት ብለው ሚሊሺያ አስወጥተው ነበር። ሰው አልሞተም። አንድ ሰው በሰንጢ ቆስሏል፣ በቃ። ቶሌዶ ለኦሃዮ ሆነች፣ ሚሺጋን በሰሜን በኩል ሌላ ሰፊ መሬት ተሰጠው። የድንበር ጠብ በአንድ ሰንጢ አልቆ ቀሪው ወደ ኳስ ሜዳ ሲዛወር እንደኔ ካለ ሀገር የመጣ ሰው ቅናት ቢይዘው አይፈረድበትም። የዚያን ቀን ትኬት ዋጋ ግን አትጠይቁኝ። እኔ ያን ቀን እየነዳሁ ነኝ።

አሁን ለምን ይሄን ሁሉ እንደጻፍኩ።

ዲሲ ያሉ ዘመዶቼ ይስቁብናል። "ኦሃዮ ደግሞ ምን አለ? በቆሎ ነው" ይላሉ። እኛም አብረን እንስቃለን። እውነቱን ለመናገር ወደዚህ የመጣሁት ወድጄው አይደለም፣ ዲሲ አካባቢ የቤት ኪራይ አንገቴን ይዞኝ ነው። እዚህ ያለ ሐበሻ ብዙው እንደዛ ነው። ቤት ርካሽ ነው፣ ሥራ አለ፣ ልጅ ማሳደጊያ ነው። ሰው ስለ ኦሃዮ ሲጠይቀኝ እንደ ማረፊያ ቤት ነበር የማወራው። ተሳፋሪዎች አውሮፕላን የሠሩት ወንድማማቾች የዴይተን ሰዎች ናቸው፣ ጨረቃ ላይ የወጣው አርምስትሮንግ የኛ ልጅ ነው፣ ቅርጫት ኳሰኛው ሌብሮን የአክረን ልጅ ነው ሲሉኝ "ኦ ሪሊ" እላለሁ፣ በሆዴ ግን ለናንተ ነው እንጂ ለኔ ምኔ ነው እላለሁ።

እረፍት ካለቀ በኋላ ባንዱ የስቴቱ ይፋዊ የሮክ ዘፈን የሆነችውን ዜማ ነፋ። አዎ፣ ስቴቱ የራሱ የሮክ ዘፈን አለው፣ በ1985 በምክር ቤት የጸደቀ። ሕዝቡ በዜማው መሀል እጁን እያነሳ ፊደሎቹን በሰውነቱ ይሠራል። ልጄ ከጎኔ ቆማ እጇን አናቷ ላይ አክብባ "ኦ!" አለች። እዚሁ ከተማ የተወለደች ልጅ ናት። አማርኛዋ ይሰባበራል፣ ቀላድ አታውቅም፣ የኔን ጉለሌ በፎቶ ነው የምታውቀው። "የየት ሀገር ልጅ ነሽ" ቢሏት ሁልጊዜ ዓይኗ ወደኔ ነው የሚመለከተው፣ ፈቃድ እንደምትጠይቅ። ያን ቀን ግን ማንንም አላየችም።

ከዚያ ዙሪያው ተጀመረ። ስታዲየሙ በአራት ወገን ይከፈላል። አንዱ ወገን "ኦ!" ይላል፣ ቀጥሎ ያለው "ኤች!"፣ ከዚያ ወዲያ ያለው "አይ!"፣ የመጨረሻው "ኦ!"። ድምፁ እንደ ነጎድጓድ ይዞራል። የኛ ወገን ድርሻ "አይ" ነበር። መጀመሪያው ዙር ላይ ዘገየሁ። ሁለተኛው ላይ ልክ በሰዓቱ ወጣልኝ። ሦስተኛው ላይ ደሜ ፈላ፣ የካታንጋው ልጅ ተነሳብኝ፣ አንገቴ ሥሩ እስኪገተር ነው የጮህኩት። ሴትዮዋ ትከሻዬን መቱኝ፣ "ተው፣ የልብ ድካም ይይዝሃል" አሉኝ እየሳቁ። አሥራ አንድ ዓመት በመስታወት ወደ ኋላ እያየሁ የመለስኳት ቃል ናት። ቲፕ የሚሰጥ ሰው አልነበረም።

ሲያልቅ ቶሎ አትውጡ። ይሄን ስህተት ብዙ ሰው ይሠራል፣ መኪናውን ለማውጣት ብሎ። ተጫዋቾቹ ሄልሜታቸውን ይዘው ወደ ደቡቡ ጫፍ ሄደው ከተማሪዎቹ ፊት ይቆማሉ፣ ሁሉም ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ የዩኒቨርሲቲውን መዝሙር ይዘምራል። ቀስ ያለ ነው፣ ጭፈራ የለውም። እኔ በግራ ልጄን፣ በቀኝ ስማቸውን የማላውቃቸውን ሴትዮ ይዤ ወዘወዝ አልኩ፣ ግጥሙን ሳላውቅ። ካሸነፉ ደግሞ ማማው ላይ ያለው ደወል ይደወላል፣ ከ1954 ጀምሮ እንዲህ ነው። ድልድዩን እየተሻገርን ይሰማ ነበር። ልጄ "አባዬ፣ ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያን" አለች። እኔ ጠዋት ስላሰብኩት ስለ ታቦቱ ዝም አልኩ።

ለምትሄዱ ሰዎች ትንሽ ነገር ልጨምር። መስከረም ላይ የቀን ጨዋታ ከሆነ ፀሐይዋ አትምርም፣ ያ ጢማሙ ሰውዬ እውነቱን ነው፣ ኮፍያ ያዙ። ኅዳር ላይ ከሆነ በተቃራኒው ጋቢም ቢሆን ደርቡ። ከደጅ ካሉት መኪናዎች ከአንዱ ሎሚናት ገዝቼ ነበር፣ በረዶው ሲሟሟ ብርጭቆው ውስጥ የቀረው ሦስት ጉንጭ ነው፣ ተዉት፣ ውሃ ይሻላል። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ከትልቅ ቡድን ጋር ያለውን ጨዋታ አትምረጡ፣ ከትንሽ ቡድን ጋር ያለው ትኬቱም ይቀንሳል፣ ባንዱ ያው ባንድ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ባንዱ ከመግባቱ በፊት ተቀመጡ። በኋላ ብትደርሱ ጨዋታ ነው የምታዩት።

እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ድምፄ የለም። ቄሱ ሲሉ ሕዝቡ ይመልሳል፣ እኔ አፌን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው። ስንወጣ አንድ ታላቅ ወንድማችን፣ ሁልጊዜ ከፊቴ የሚቆሙት፣ "ምነው ልጄ፣ ጉንፋን ያዘህ እንዴ?" አሉኝ። ልመልስላቸው ብል ፉጨት ነው የወጣኝ።

ሚስቴ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ "የለም ጋሼ፣" አለች፣ "ኦሃዮ ይዞት ነው።"